ጥይት የጾመበት ሁዳዴ

የሥራ ዘመን ትዝታውን የሚጽፍ ሰው ብዙ ጊዜ ፀጉሩ የሸበተ ነው። የስንብት ድግስ ተደግሶለት፣ ጋቢ ተሸልሞ፣ ቤቱ ከተቀመጠ በኋላ ነው ብዕር የሚያነሣው። እኔ ገና ሠላሳ አልሞላኝም፤ ጋቢም የሸለመኝ የለም። ሥራዬ ግን ቀድሞኝ ጡረታ ወጣ። ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ የነበረው ጮቄ የተኩስ ስፖርት ክበብ ጊዜው ሲከፋ ተዘጋ። ሽጉጦቹ ተቆጥረው ተመለሱ፣ የተኩስ ሜዳው ላይ ሣር በቀለ። ዛሬ ዩኒቨርሲቲው አካባቢ አንዲት ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀምጬ የሰው መመረቂያ ጽሑፍ እተይባለሁ። ሰው ሲያዘኝ የሠርግ ግጥም እጽፋለሁ፤ ሳያዘኝ ደግሞ የራሴን።

ይህን ለመጻፍ የተነሣሁት ባለፈው ሰሞን አንድ ወሬ ስለሰማሁ ነው። ዘምዘም አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ ትልቅ ክበብ የጥይት ክፍሉ ኃላፊ ሆናለች አሉ። ወሬውን ያመጣልኝ ልጅ ደስ የሚለኝ መስሎት ነበር። አብራችሁ ስለሠራችሁ ኩራት ነው አለኝ። እኔም ኩራት ነው አልኩት። ከዚያ እሱ የሰጠኝን ሃያ ገጽ ወረቀት ገልብጬ ኮፒ አደረግሁለት፤ ባዶውን ጎን።

ክበቡ የገባሁት ቀለህ ለቃሚ ሆኜ ነው። ተኳሾቹ ሲጨርሱ ጎንበስ ብዬ ባዶ ቀለሁን ከሣሩ ውስጥ እየለቀምሁ በጣሳ አስረክባለሁ። ደመወዙ የሚወራ አልነበረም። ፋብሪካ የሠራው ጥይት በብዙ ፈቃድና በብዙ ፊርማ ስለሚመጣ ለውድድር ካልሆነ አይነካም። ለልምምድ የምንተኩሰው የተተኮሰውን ቀለህ አጽድተን፣ ከእርሳስ የተሠራ አዲስ አረር ገጥመን፣ እንደገና የሞላነውን ነበር። ለዚህ ሥራ ፈቃድ የነበራቸው ጋሽ አስማረ ብቻ ናቸው። የክበቡ ፕሬዚዳንት ስለ ጥይት ክፍሉ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ “ደረሰ ወይስ አልደረሰም?”

ጋሽ አስማረ ድሮ በውትድርና የጦር መሣሪያ ጠጋኝ የነበሩ፣ ረዘም ያሉ፣ ትንሽ የሚናገሩ ሰው ናቸው። ዓይናቸውን ኦፕራሲዮን ከሆኑ ወዲህ የጠርሙስ ቂጥ የሚያህል ወፍራም መነጽር ያደርጋሉ። ከለቃሚነት አንሥተው ወደ ጠረጴዛቸው ያቀረቡኝ እሳቸው ናቸው። ለምን እንዳቀረቡኝ ነግረውኝ አያውቁም። አንድ ቀን ብቻ ከጣሳው ውስጥ አንገቱ የተሰነጠቀ ቀለህ ለይቼ ስሰጣቸው አይተው፣ “ነገ እጅህን ታጥበህ ና” አሉኝ።

እጄን ታጥቤ ሄድሁ፤ ከዚያም ዓመታት ከጠረጴዛው ሥር አልተነሣሁም። ቀለህ ጆሯቸው ሥር አድርገው በጥፍራቸው ይመቱታል፤ ጤነኛው ይጮኻል፣ የተሰነጠቀው ያስላል። ባሩዱ በሚሞላበት ሰዓት አይናገሩም፣ የሚናገርም ሰው አጠገባቸው አይቆምም። የተጠናቀቀውን ጥይት መዳፋቸው ላይ አንከባለው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ይህን ሁሉ እኔም አደረግሁ። አረማመዳቸውን ሳይቀር ስለወሰድሁባቸው የክበቡ ሰዎች “ትንሹ አስማረ” ይሉኝ ነበር። ስድብ መሆኑን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

ከሁሉ የምወደው የሰሙ ሥራ ነበር። አረሩ በአፈሙዙ ውስጥ ሲያልፍ እርሳሱ እንዳይፋቅ ዙሪያውን ሰም ይቀባል። የእኛ ከተማ ብርድ ንጹሑን ሰም ድንጋይ ስለሚያደርገው በበሬ ሞራ ይለዝባል። ምን ያህል ሞራ ለምን ያህል ሰም እንደሚገባ የሚያውቀው የጋሽ አስማረ ምላስ ነው። ከድስቱ በእንጨት ጫፍ ቆንጥረው፣ በፊት ጥርሳቸው ነክሰው፣ በምላሳቸው አዙረው ይተፉታል። ከዚያ ወይ “ይበቃል” ወይ “ጨምር” ይላሉ። እኔም በምላሴ ተማርሁ። እውነቴን ነው፣ ዛሬም የጧፍ ሽታ ሲሸተኝ ጥርሴን ያሳክከኛል።

ደግሞ ማንንም አያመሰግኑም። ሥራ ሲወዱ መነጽራቸውን አውልቀው ይሰጣሉ። ይህን የነገረኝ ፈንታሁን ነው። ፈንታሁን የክበቡ አንደኛ ተኳሽ፣ ጮክ ብሎ የሚስቅ፣ ሲስት የሚዘፍን ሰው ነው። ድሮ አንድ ጊዜ በአንድ ቀዳዳ ሁለት ጥይት ሲያሳልፍ ጋሽ አስማረ ሳይናገሩ መነጽራቸውን አውልቀው እጁ ላይ አኖሩለት። “በእኔ ዓይን እየው ማለታቸው ነው። ከዚያ ወዲህ ሜዳሊያ አልፈልግም” አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የምጠብቀው መነጽሩን ሆነ። ሥራዬን አቀርባለሁ፣ ያያሉ፣ “እኽ” ይላሉ፣ መነጽሩ እዚያው አፍንጫቸው ላይ ይቀራል።

ዘምዘም የመጣችው እንዲህ ስጠብቅ ነው። አባቷ አማኑኤል ከተማ ላይ ዘይት፣ ስኳርና ጨው የሚሸጡ ነጋዴ ናቸው፤ እሷም ከሱቁ ባንኮኒ ጀርባ ያደገች ናት። ክበቡ ሴት ተኳሾች ሲመዘግብ መጣች። ተኩሱ ብዙም አልሆነላትም፤ ጠረጴዛው ግን ሆነላት። ፀጥ ብላ ትገባለች፣ ሻርፗን ወደኋላ ትሰበስባለች፣ ትሠራለች። እጇ ፈጣን ነው። ያየሁት ሁሉ አናደደኝ፤ ቀለህ ስትደረድር ጣቷ የማይሳሳት መሆኑ፣ ጋሽ አስማረን ጥያቄ ስትጠይቅ የማትፈራ መሆኑ፣ እሳቸውም መልስ የሚሰጧት መሆኑ። እኔ ስጠይቅ “ታየዋለህ” ነበር መልሱ።

በአንድ ነገር ብቻ በለጥኋት ብዬ ነበር። ሰሙን አትቀምስም። የክርስቲያን በሬ ሞራ ስለሆነ አፏ አይገባም። ጋሽ አስማረ አላስገደዷትም፤ “በጣትሽ ልመጅው” አሏት። እሷም በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሐል እያሸች፣ ክር እስኪያወጣ እየሳበች ተማረች። እኔ ስቄባታለሁ። “ወጥ በጣት አይቀመስም” አልኋት።

“በእኛ ቤት ዘይት በጣት ነው የሚታወቀው” አለችኝ ቀና ሳትል። “በምላስ ብንቀምስ ኖሮ ሱቁን ጠጥተን እንጨርሰው ነበር።”

ጋሽ አስማረ በሰኔ ሊሰናበቱ እንደሆነ ያን ዓመት ታወቀ። ፈቃዱም ጠረጴዛውም እሳቸው ለመሰከሩለት ሰው ነው የሚተላለፈው። ፕሬዚዳንቱ ከእኔና ከዘምዘም አንዳችንን እንዲመርጡ ነገሯቸው። በዚያው ዓመት የዳግማይ ትንሣኤ ሰሞን ከሌላ ከተማ ክበብ ጋር ውድድር ተያዘ፤ እስከዚያ ተኩሰነው በማናውቀው በሃምሳ ሜትርም ጭምር። እስከዚያ ድረስ ሽጉጥ የምንተኩሰው በሃያ አምስት ሜትር ብቻ ነበር። ለውድድሩ የሚሆን የፋብሪካ ጥይት እንደማይደርስ ሲታወቅ ፕሬዚዳንቱ በራሳችሁ ጥይት ግቡ አሉ። ጠረጴዛው የማን እንደሚሆን በዚያ ጥይት እንደሚለይ ማንም አልነገረንም። ሁላችንም አወቅነው።

ሌላ ጊዜ ከጾሙ በፊት የተሠራው ጥይት እስከ ፋሲካ ይበቃ ነበር። ያን ዓመት ግን ልምምዱ በዛና ዘወረደ ሳያልቅ ሳጥኑ ተሟጠጠ። ሁዳዴን ሙሉ ስንሞላ ከረምን። በሃያ አምስት ሜትር ፈንታሁን ሲተኩስ ቀዳዳዎቹ በአንድ ስኒ አፍ የሚከደኑ ነበሩ። ኢላማው ሃምሳ ሜትር ላይ ሲቆም ግን ተበተኑ።

አበታተናቸውን መጀመሪያ ያስተዋልሁት እኔ ነኝ፤ ይህን ማንም አይወስድብኝም። ወደ ግራና ወደ ቀኝ አልሄዱም። ከላይ ወደ ታች እንደ ቀሚስ ቁልፍ ተደረደሩ። “ትንፋሽ ነው” አልሁ። ሰው ሲተነፍስ ክንዱ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ሽጉጡም አብሮ። ፈንታሁን ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ነው።

“ባዶ ሆድ ነው የሚያስትህ” አልሁት።

“ቅርቡን ስመታ የማን ሆድ ነው ያለኝ?” አለኝ ፈንታሁን።

ሽጉጡን በአሸዋ ከረጢት ላይ አስደግፈን አስተኮስነው። ክንድ የለ፣ ትንፋሽ የለ። ቁልፉ ግን እንደተደረደረ ነው። ማነጣጠሪያውን ፈትቼ አጠበቅሁ። ቀለሁን በፋብሪካው ምልክት እየለየሁ እንደገና ሞላሁ። ምንም። በዚያ ሰሞን ይህችን ጽፌ ከጠረጴዛዬ በላይ ለጥፌ ነበር፤

ቅርቡን ሁሉ መታሁ፣ አንድም አልሳትሁኝ፤
ሩቁ ብቻ ቀረ፣ ሩቁ አቃጠለኝ።

ፈንታሁን አነበባትና ዘምዘምን ዘወር ብሎ እያየ፣ “ሩቁ ማን ናት?” አለ። ወረቀቷን ገንጥዬ ኪሴ ከተትሁ።

በመጨረሻ ደረስሁበት ብዬ አመንሁ። ሰሙ በብርዱ ስለሚደርቅ አፈሙዙ ውስጥ እርሳስ ተጣብቋል አልሁ። ውስጡን በመብራት ሳየው እውነትም ጥቂት ግራጫ ነገር አየሁ። ለጋሽ አስማረ ብቻ ብነግር ይሻለኝ ነበር። እኔ ግን ለፕሬዚዳንቱ ነገርሁ፤ ተኳሾቹም በተሰበሰቡበት ሜዳ ላይ ሽጉጡን ፈትቼ፣ አፈሙዙን በሽቦ ብሩሽ ፈትጌ፣ እንደ ቄስ መስቀል ከፍ አድርጌ በብርሃን አሳየሁ። ንግግርም አደረግሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሰው እያሾፈ እንደሚደግመው ያለ ንግግር ነበር፤ ደገሙትም።

ፈንታሁን ተኮሰ። የመጀመሪያው ከላይ አረፈ። ሁለተኛው ከሥሩ፣ ሦስተኛው ከዚያም ሥር። አራተኛው ወረቀቱን ጨርሶ ሳተና ከኢላማው ፊት ያለውን አፈር አቦነነ። ፕሬዚዳንቱ ሰዓታቸውን አዩ። የሚስቅ ሰው አልነበረም፤ ብንስቅ ይቀል ነበር።

“ይሁኔ” አለኝ ፈንታሁን ሽጉጡን ሲመልስልኝ፣ ለዘብ ባለ ድምፅ፣ “ግጥም ጻፍ።”

ወረቀቱን ይዤ ገባሁና ግድግዳው ላይ ሰካሁት። ጋሽ አስማረ ከጠረጴዛቸው ሆነው አፈር የነካውን ጥይት ቀለህ እያገላበጡ ነበር። ሆነ ብለው ይሁን አላውቅም ቀና ብለው አላዩኝም። ዘምዘም ከውጭ ገባች። በእጇ ያልተተኮሱ ጥይቶች ይዛለች። ከግድግዳው ፊት ቆማ ብዙ አየች፤ ከዚያ ወደ ሰሙ ድስት ሄዳ ጣቷን ነከረች፣ አሸችው፣ አሸተተችው።

“ጋሽ አስማረ፣ ሞራው የት ሄደ?”

“ጾም አይደለም እንዴ?” አሉ፤ ፀሐይ የት ሄደች ተብለው እንደተጠየቁ ሁሉ።

“እና በምን አለዘቡት?”

“በኑግ ዘይት።”

ይህን እኔም አውቃለሁ። ድስቱን ያማሰልሁት እኔ ነኝ። በምላሱ የሚለካ ሰው በሁዳዴ ሞራ አፉ ውስጥ አያስገባም። የሰሙ ሞራ በኑግ ዘይት መተካቱ በቅቤ ፈንታ ዘይት ወጥ ውስጥ እንደመግባቱ ነበር። ማን ልብ ይለዋል?

ዘምዘም ጣቷን በጨርቅ ጠረገች። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ “ጥይቱም ይጾማል እንዴ፣ ጋሽ አስማረ?” አለች።

ጋሽ አስማረ ሲስቁ ያን ቀን ነው ያየሁት። ትከሻቸው ብቻ ነው የሚስቀው። ሲጨርሱ “ቀጥዪ” አሏት።

ቀጠለች። በአባቷ ሱቅ ዘይትና ስኳር አጠገብ ለአጠገብ አይቀመጥም አለች። ዘይት ይሄዳል። የታሸገ ቢሆን፣ ክዳኑ የጠበቀ ቢሆን፣ መንገድ ፈልጎ ይሄዳል፤ ከሳምንት በኋላ ስኳሩ ጓል ሆኖ ይገኛል። ሞራ ግን ባለበት ይረጋል። ይህን ስትል ከያዘቻቸው ጥይቶች የአንዱን አረር በመንቀያው ነቀለች፤ ባሩዱን ነጭ ወረቀት ላይ ደፋችው። ግማሹ እንደ ደረቅ ጤፍ ፈሰሰ። ከአረሩ ሥር የነበረው ግን ጠቆር ብሎ፣ ተያይዞ፣ ዱብ አለ። ወረቀቱ ላይ የዘይት ቀለበት ቀረ። የሌላውን ነቀለች፤ ጓሉ አነስ ያለ ነው። የሌላውን፤ ምንም የለውም።

ከዚያ በኋላ ለማስረዳት ቃል አላስፈለጋትም፤ እኔ ግን አንባቢዬ እንዳይቸገር ላስረዳ። ዘይት የጠጣ ባሩድ ደክሞ ይነዳል፣ ያልጠጣው በርትቶ። ቅርብ ላይ ደካማውም ብርቱውም ሳይለያዩ ይደርሳሉ። መንገዱ ሲረዝም ደካማው ይወድቃል፣ ብርቱው ከላይ ይቀራል። ቁልፍ የተደረደረው ለዚህ ነው። ቁልፉን መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነበርሁ፤ የሚከፈትበትን ግን እሷ አገኘችው።

ጋሽ አስማረ ከወንበራቸው ተነሡ። እጃቸው ወደ ጆሯቸው ሲሄድ አየሁ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ በኮታቸው ጠርዝ ጠረጉት፣ ሰጧት።

ዘምዘም የዚህን ነገር ትርጉም አታውቅም ነበር፤ ይሄ ይበልጥ አቃጠለኝ። መነጽሩን አደረገች፣ ግድግዳው ላይ ወዳለው ወረቀት ለአፍታ ተመለከተች፣ አወለቀች።

“አየሽ?” አሏት።

“አየሁ” አለችና በሁለት እጇ መለሰችላቸው።

የቀረው ሥራ ነው። ከጾሙ በፊት ከተሠራው የተረፉ ጥቂት ጥይቶች ከሳጥን ሥር ተፈልገው ተገኙ፤ ፈንታሁን በሃምሳ ሜትር ተኩሶ በአንድ መዳፍ ሥር ሰበሰባቸው። ስለዚህ ለውድድሩ የሚሆነው በሞራ መሠራት አለበት። ፋሲካ እስኪደርስ ብንጠብቅ ጥይቱ ለውድድሩ አይደርስም። የክርስቲያን ሥጋ ቤቶች ተዘግተዋል። ዘምዘም ከአጎቷ ሥጋ ቤት ሞራ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

ጋሽ አስማረ አዩትና አንድ እርምጃ ወደኋላ አሉ። በጾም ሞራ፣ ያውም የእስላም እርድ። አልተቆጡም፤ ምላሳቸው በሁለት በር ተዘግቶበታል እንጂ። ወደ እኔ ዞሩ። “በጣት ማወቅ ትችላለህ?” አሉኝ።

አልችልም ነበር። በጣቴ ብነካው የሚቀልጥ ቅባት ከመሆኑ በቀር የሚነግረኝ ነገር አልነበረም። እጄን ሞራ ውስጥ መክተት ጾም አያፈርስም፤ ይህን የንስሐ አባቴን ሳልጠይቅም አውቃለሁ። የከለከለኝ ጾሙ አይደለም። ከጋሽ አስማረ የወሰድሁት ምላሳቸውን ነው፤ እሳቸው ዝም ባሉበት እኔም ዲዳ ሆንሁ። የሳቅሁበት የዘምዘም ጣት ብቻ ቀረ።

ሰሙን ለብቻዋ አቀለጠች። ጋሽ አስማረ በሩ ላይ ወንበር አስቀምጠው ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀመጡ። እኔ ቀለህ አቀብል ነበር። ክበቡ ውስጥም የጀመርሁት ቀለህ በማስረከብ ነበር።

በውድድሩ ፈንታሁን ሁለተኛ ወጣ። ክበቡ እንደዚያ ያለ ውጤት አግኝቶ አያውቅም ነበርና ሰው ሁሉ ተሳሳመ። ፕሬዚዳንቱ “ደረሰ” አሉ። ጋሽ አስማረ በሰኔ ለዘምዘም መሰከሩላት። እኔ ከእሷ ሥር ክበቡ እስኪዘጋ ድረስ ሠራሁ፤ ክፉ አለቃ አልነበረችም። ክፉ ብትሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ መጻፍ እንዴት በቀለለኝ።

ወሬዋን በሰማሁ ማግሥት ጋሽ አስማረን ልጠይቅ ሄድሁ። ቤታቸው ከገበያው ጀርባ ነው። ደጅ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። የእሷን መሾም ሰምተዋል፤ ስልክ ደውላላቸው ነበር። ለእኔ ግጥሙ እንዴት ነው አሉኝ። ደህና ነው አልኋቸው። ከዚያ ሳልጠብቀው እጃቸው ወደ ጆሯቸው ሄደ። መነጽራቸውን አወለቁና ዘረጉልኝ። በሁለት እጄ ተቀበልኋቸው።

“እስቲ ጥረግልኝ” አሉ።

በሸሚዜ ጠረግሁት። ጠርጌም አልመለስሁላቸውም፤ ዓይኔ ላይ አደረግሁት። ግቢው ጠፋ። አጥሩ፣ በሩ፣ የተሰጣው በርበሬ ሁሉ አንድ ላይ ፈሶ ጭጋግ ሆነ። የራሴን እጅ አላይም። ያን ቀን ግድግዳው ላይ የነበረውን ወረቀት ዘምዘም በዚህ መስተዋት ልታየው እንደማትችል ገባኝ።

“ጋሽ አስማረ፣ በዚህ ምንም አይታይም።”

“ለእኔ ዓይን የተቆረጠ ነው፤ ለሌላ ሰው መች ይሆናል?”

“ዘምዘም ግን አየሁ አለችዎት።”

“አዎ። ቀድማ አይታ ጨርሳ ነበራ። እኔን እንዳታሳፍር አደረገችው፣ ቶሎም አወለቀችው።” ትከሻቸው ሲስቅ ይሰማኛል፤ ፊታቸው አይታየኝም። “አንተ ግን ይሁኔ፣ ብሰጥህ አታወልቀውም ነበር።”

ይህን ሲሉኝ መነጽሩ ገና ዓይኔ ላይ ነበር።